የትኛውን ጉዞ እንምረጥ? ስለ ቤተሰብ የተራራ ብስክሌት ፌስቲቫል የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በመስከረምና በጥቅምት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደኖች የሚካሄዱት የቤተሰብ የተራራ ብስክሌት ፌስቲቫሎች እየተቃረቡ ስለሆነ፣ በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከተዘረዘሩት ጉዞዎች የትኛው እንደሚበጅ የሚጠይቁ ናቸው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዣዥሞቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ የጻፉ አባት የአምስትና የዘጠኝ ዓመት ወንዶች ልጆች አሏቸው። በመርሐ ግብሩ ላይ «የቤተሰብ» የተባሉ ሁለት ጉዞዎች አሉ፤ አንዱ 6 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 12 ኪሎ ሜትር ነው። አጭሩ እንደሚሻል ገምተው ማረጋገጫ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ማረጋገጫውን ልሰጥዎ አልችልም፤ በጫካ መንገድ ላይ ርቀት ብቻውን ብዙ አይናገርምና። በስላይጎ ክሪክ አስፋልት ላይ በአንድ ሰዓት የምትጨርሱት ርቀት፣ የዛፍ ሥርና ድንጋይ በበዛበት ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከኪሎ ሜትሩ አጠገብ የተጻፈውን የአቀበት ድምር ይመልከቱ፤ 6 ኪሎ ሜትር ሆኖ 200 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ጉዞ፣ 12 ኪሎ ሜትር ሆኖ 60 ሜትር ብቻ ከሚያስወጣው ይልቅ የልጅን እግር ያዝላል። ከዚያ የጉዞውን መሪ ያነጋግሩ። ቡድኑ መጨረሻ ያለውን ይጠብቃል? ከሁሉም ኋላ ሆኖ የዘገየውን የሚሰበስብ ሰው ተመድቧል? ልጁ እኩሌታው ላይ ደክሞ በቃኝ ቢል ወደ መኪና ማቆሚያው የሚመልስ አቋራጭ አለ? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ መሪው ካመነታ፣ ጉዞው ስሙ የቤተሰብ ቢሆንም ለእርስዎ ቤተሰብ አይሆንም።

የአምስት ዓመቱ ልጅ ግን ከሁለቱም ውጭ ቢሆን ይሻላል። ለእሱ ሣር ላይ የሚዘጋጀው የልጆች ዙር ይበቃዋል፤ ሦስት ጊዜ ቢዞረው ደስ ብሎት ይውላል። እርስዎ ከአንዱ፣ ባለቤትዎ ከሌላው ጋር ሁኑ። ታናሽየው ታላቁን እከተላለሁ ሲል አቅሙን ከጨረሰ የሁለቱም ቀን ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ጓንት የግድ ነው?

መልስ፦ አዎ፤ ሰው ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚነካው መዳፉ ነው።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝ ወደ ቨርጂኒያ በቅርቡ የመጡ ባልና ሚስት፣ እዚያ ሳሉ ሰማያዊ ምልክት ባለው መንገድ ከልጆቻቸው ጋር ያለ ችግር ይሄዱ እንደነበር ገልጸው፣ እዚህም ሰማያዊውን ጉዞ ለመምረጥ አስበዋል።

መልስ፦ ቀለሙ አንድ ቢሆንም ደረጃው አንድ አይደለም። በብሪታንያ መንገዶቹ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር ተብለው ሲመደቡ፣ በአሜሪካ የተለመደው አመዳደብ ቀይ የለውም፤ ከአረንጓዴ ክብ ወደ ሰማያዊ ካሬ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር አልማዝ ይሻገራል። በመሆኑም እናንተ በቀይ የምታውቁት ዓይነት መንገድ እዚህ በሰማያዊ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ኢምባ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ በአረንጓዴ መንገድ ላይ ሳያልፉት የማይቀር መሰናክል ከፍታው እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሰማያዊው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሃያ ሴንቲ ሜትር የቤት ደረጃ አንድ እርከን ያህል መሆኑን ልብ በሉ። የመጀመሪያውን ቀን በአረንጓዴው ጀምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ ቦታ ቀለሙ የመንገዱ ስም እንጂ የክብደቱ መለኪያ አይደለም። በጀርመንታውን አቅራቢያ ባለው በሼፈር ፋርም ነጭና ቢጫ የተባሉት ዙሮች እንዲህ ናቸው፤ በፌርፋክስ ስቴሽን ባለው በፋውንቴንሄድ ግን አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ማለት በእርግጥ የክብደት ደረጃ ነው። ካርታውን ስታዩ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ አባት የስምንት ዓመት ሴት ልጃቸው ባለፈው ዓመት በአረንጓዴው ጉዞ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ አልቅሳ ብስክሌቷን ጥላ መቆሟን ይተርካሉ። ዘንድሮ በሰማያዊው ሊያስመዘግቧት አስበዋል፤ ከባዱን ካለፈች ቀላሉን አትፈራም፣ ፍርሃትም ካልተጋፈጡት አይለቅም ባይ ናቸው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ከሁሉም ደብዳቤዎች አብዝቶ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው፤ ሐሳብዎን በየዓመቱ ከብዙ ወላጆች ስለምሰማው።

የልጅ ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከልጁ ልብ ውስጥ ሳይሆን ከብስክሌቱ ላይ ይገኛል። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ፌስቲቫል የልጆቹን ክፍል ሳግዝ አንዲት የእርስዎን ልጅ የምታክል ልጅ ገጠመችኝ። ቁልቁለት ባየች ቁጥር ትወርዳለች፤ አባቷ ከኋላ «አይዞሽ፣ ልቀቂው» ይላታል። መሪውን እንደያዘች ፍሬኑን እንድትጨብጥ ጠየቅኋት። የመሃል ጣቷ ጫፍ ብቻ ፍሬኑን ነካው፤ ለመጭመቅ መዳፏን ከመሪው ማላቀቅ ነበረባት። ልጅቷ ብስክሌቱን ማቆም እንደማትችል በእጇ ታውቀው ነበር፣ ግን በቃል የምታስረዳበት መንገድ አልነበራትም። በአብዛኞቹ ብስክሌቶች የፍሬኑ እጀታ ላይ ወደ መሪው የምታስጠጋ ትንሽ ብሎን አለች። ጠጋኙ ባለ ስድስት ጎን ቁልፉን አውጥቶ ጥቂት አዞራት፤ ሁለት ጣቶቿ ደረሱ። ከዚያ ሣሩ ላይ ባለች ዝቅተኛ ዳገት እየወረደች መቆምን ብቻ ደጋግማ ተለማመደች፤ አምስተኛው ላይ «አሁን ከላይ ልጀምር» ያለችው እሷ ናት።

ስለዚህ ጉዞ ከመምረጥዎ በፊት የልጅዎን ጣት ይመልከቱ። ቀጥሎም ብስክሌቱን። «ታድግበታለች» ተብሎ አንድ ቁጥር አልፎ የተገዛ ጫማ ቢበዛ ያደናቅፋል፤ አንድ ቁጥር አልፎ የተገዛ ብስክሌት ግን ቁልቁለት ላይ ከልጅ አቅም በላይ ይሆናል። ኮርቻው ላይ ተቀምጣ የሁለቱ እግሮቿ ጣቶች መሬት ካልነኩ፣ ጎማው ባለ 24 ኢንች የሆነውን አስቀምጠው ባለ 20 ኢንቹን ይዋሱላት። በፌስቲቫሎች ለሙከራ የሚሰጡ ብስክሌቶች ስላሉ በማለዳ ደርሰው መታወቂያዎን አስይዘው መውሰድ ይችላሉ።

ፍርሃትን መጋፈጥ ስላሉት፣ መጋፈጥ ያለበት ፈሪው ራሱ ሲወስን ነው። በቡድን መካከል፣ ሃያ ሰው ከኋላ ቆሞ እየጠበቀ፣ ከአቅሟ በላይ የሆነ ገደል ላይ የቆመች ልጅ የምትማረው ድፍረትን ሳይሆን አባቷ ሲጨንቃት እንደማይሰማት ነው። ዘንድሮም በዚያው በአረንጓዴው ያስመዝግቧት፤ ከተቻለ በዋዜማው ያስለቀሳትን ቁልቁለት በእግር አብራችሁ ውረዱ፣ ድንጋዩን በእጇ ትንካው፣ በየት በኩል እንደምታልፍ እሷ ታሳይዎ። በዕለቱ ብስክሌቷን ገፍታ ብትወርድም ምንም አይበሏት። በየጉዞው ጎበዝ የሚባሉት ሰዎች ያልጣማቸውን ቦታ በእግራቸው ሲወርዱ አያለሁ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ እናት በልጅነታቸው በሰፈራቸው ብስክሌት የሚነዱት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ የተማሩት በ34 ዓመታቸው ነው። ልጆቻቸው አብረዋቸው እንዲገቡ ይለምኗቸዋል፤ እሳቸው ግን የልጆቹን ጉዞ እንዳያጓትቱ ይሰጋሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆችዎ ጋር ከመግባትዎ በፊት ብቻዎን ይግቡ። በብዙ ፌስቲቫሎች ለጀማሪ ሴቶች የሚሰጥ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ሥልጠና አለ፤ ጠዋት እሱን ወስደው ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር አጭሩን አረንጓዴ ይሂዱ። ኮርቻውን አስፋልት ላይ ሲነዱ ከሚያደርጉት ከፍታ ጥቂት ዝቅ ያድርጉት፤ ቁልቁለት ላይ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አግድም አድርገው፣ ከኮርቻው ብድግ ብለው፣ ዓይንዎን ከፊት ጎማው ላይ አንስተው ራቅ አድርገው ይጣሉ። ማጓተትን አያስቡ፤ ልጆችዎ የለመኑት ፍጥነት ሳይሆን እርስዎን ነው።

ጥያቄ፦ የእሑዱ ጉዞ ከቅዳሴ ጋር ይጋጭብናል።

መልስ፦ የቅዳሜውን ይምረጡ። ከሌለ የከሰዓቱን ይያዙ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን በባዶ ሆድ በቀጥታ ወደ ኮርቻ አይሂዱ።

ጥያቄ፦ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከአጎቱ ልጅ ጋር ጥቁሩን ጉዞ እንዳይሄድ ወላጆቹ ከልክለውታል። ሰማያዊውን «አሥር ጊዜ» እንደጨረሰ ጽፎ እንዳግዘው ይጠይቃል።

መልስ፦ ያለ እረፍትና ሳትወርድ ከጨረስከው ጥያቄህ ተገቢ ነው። ወላጆችህ ግን በቃልህ ብቻ እንዲያምኑህ አትጠብቅ፤ የጉዞው መሪ ሰማያዊው ላይ አይቶህ ለእነሱ እንዲነግራቸው አድርግ። ሄልሜትህን አትርሳ፤ በሜሪላንድ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ላለ ግዴታ ነው፣ ከዚያ በኋላም ጭንቅላትህ ያው ነው። መሪው «ገና ነህ» ካለህ ደግሞ የአጎትህን ልጅ ሳይሆን እሱን ስማ።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ልጃቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ከብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱን እንደተመታ፣ አሁንም ሲያነብ ራሱን እንደሚያመው ይጽፋሉ። በጣም ቀላሉን ጉዞ ብቻ ቢሄድስ?

መልስ፦ አይሄድም። ቀላል ጉዞ የሚባል ለእሱ ዛሬ የለም። የገለጹት ኮንከሸን የሚባለው የአንጎል ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ እባክዎ ከዚህ ሳምንት ሳያልፍ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት፤ አንጎሉ ሳያገግም ድጋሚ ቢመታ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው እጅግ ሊከፋ ይችላል። ወደ ብስክሌት የሚመለሰው ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ያውም ደረጃ በደረጃ ነው። ተደጋጋሚ ማስታወክ፣ ለማንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የአንዱ ዓይን ብሌን መስፋት ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ 911 ይደውሉ። ያን ቀን ያደረገውን ሄልሜት ደግሞ ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣሉት፤ ውስጡ ያለው አረፋ አንድ ከባድ ምት ከተቀበለ በኋላ እንደቀድሞው አይከላከልም።

ጥያቄ፦ በጫካው መዥገር እንዳለ ሰምተን ልጆቹን ለመውሰድ ፈራን።

መልስ፦ አለ፤ ግን ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። ረጅም ካልሲ ያልብሷቸው፣ ሣር ውስጥ እንዳይቀመጡ ይጠብቁ፣ ማታ ብብታቸውን፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከጉልበት ኋላና ጸጉራቸውን ይፈትሹ። የላይም በሽታ እንዲተላለፍ መዥገሩ በአብዛኛው ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት ስላለበት የማታው ፍተሻ ትልቅ ነገር ነው። ካገኙ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት፤ ቅባት መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት ይቅር። በቀጣዩ ወር ቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ይመልከታቸው።

ጥያቄ፦ የ67 ዓመት አያት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መሄድ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ አባቴ፣ ስለ ጉልበትዎ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ስለ ብስክሌቱ ግን አዘጋጆቹን አስቀድመው ይጠይቁ። ሲረግጡት ብቻ የሚያግዘውንና በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆመውን አንደኛ ክፍል የሚባለውን ዓይነት የሚፈቅዱ መንገዶች አሉ፣ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። ከተፈቀደ ከልጆቹ ኋላ ይሁኑ፤ ሞተሩ አቀበቱን ሲያቀልልዎ ከፊት ከሆኑ እነሱ እርስዎን ለመድረስ ይደክማሉ።

ጥያቄ፦ ለመንገድ ስንቅ ቆሎ መያዝ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ጥሩም ነው፤ ልጆቹ ግን ቆመው ይብሉት። እየነዱ ሲያኝኩ ጎማው የዛፍ ሥር በመታ ቁጥር ፍሬው ወደ ጉሮሮ ይገባል፤ ውሃም በብዛት ያዙ።