ቴሌቪዥንን ማጥናት እንደ ሙያ፦ ከሰሜን ሸዋ ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የመገናኛ ብዙኃንና የቴሌቪዥን ጥናትን በአንድ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምርና ስመራመር 18 ዓመት ሆኖኛል። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ክረምቱን የማሳልፈው እዚያው ነው። ዘንድሮ በከተማዋና በዙሪያዋ የሚኖሩ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ስለዚህ ሙያ ማወቅ የሚፈልጉትን በጽሑፍ እንዲልኩልኝ ጠይቄ ነበር፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የሚደጋገሙትን መርጬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ መምህር፣ ጋዜጠኝነትን በመማርና ቴሌቪዥንን በማጥናት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ ጋዜጠኝነት ዜናውን እንዴት እንደምትሰበስብ፣ እንደምታጣራና እንደምታቀርብ የምትማርበት ሙያ ነው። የቴሌቪዥን ጥናት ግን ያ ዜና ለምን ከሌላው ቀድሞ እንደቀረበ፣ ወጪውን ማን እንደሸፈነ፣ ተመልካቹም በቤቱ ተቀምጦ ምን ብሎ እንደተረዳው ይጠይቃል። በአገራችን ሁለቱ የተቀላቀሉበት የራሱ ምክንያት አለው። በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የታሰበው ለጣቢያዎችና ለጋዜጦች ባለሙያ እንዲያፈራ ነበር፤ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጠቃለልም ይኸው የሥልጠና ጠባይ አብሮት ገባ። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ አገር ጋዜጠኛ ያስፈልጋታል። ሆኖም ቴሌቪዥንን የሚሠራ ብቻ እንጂ የሚያጠና ሰው ካላፈራን፣ ስለ ተመልካቻችን የምናውቀው ነገር ከግምት አያልፍም።

ጥያቄ (ተመራቂ፣ ሸዋሮቢት)፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን መንገዱ ከየት ተጀምሮ የት ይደርሳል?

መልስ፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናን ሳያልፍ አይመረቅም፤ ስለዚህ እሱን እንዳለፍሽ እገምታለሁ። ከዚያ በኋላ የማዕረጉ ቅደም ተከተል ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር ነው። በሁለተኛ ዲግሪ ሌክቸረር ትሆኛለሽ፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬድሽ ሦስተኛ ዲግሪና የታተመ ምርምር ነው። ሥራውም ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ በተግባር ግን ማስተማሩ ሌሎቹን ሁለቱን ሲውጣቸው ታያለሽ። ስለ ኅትመት አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፦ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያትሙ መጽሔቶች አሉ። እነሱ ላይ የወጣ ጽሑፍ የማዕረግ ማመልከቻሽን ሲያበላሽ እንጂ ሲጠቅም አላየሁም።

ጥያቄ (የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ መሐል ሜዳ)፦ ጣቢያዎቹ ያሉት አዲስ አበባና ባሕር ዳር ነው። መንዝ ላይ ተቀምጦ ስለ ቴሌቪዥን ምን ሊጠና ይችላል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ከሁሉም ይልቅ አስደስቶኛል፤ ምክንያቱም የአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይታያል። እኔ ካማከርኋቸውና ከፈተንኋቸው ተማሪዎች ውስጥ አብዛኞቹ የአንድ ጣቢያን የሦስት ወር ዜና ሰብስበው «ይህን ያህሉ ስለ ልማት፣ ይህን ያህሉ ስለ ፖለቲካ ነው» ብለው ቆጥረው ይጨርሳሉ። ቆጠራው በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ቴሌቪዥኑ በርቶ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ቡና እያፈላ በጆሮው ብቻ እንደሚከታተል፣ ማን ሪሞቱን እንደያዘ አይነግረንም።

እርስዎ ደግሞ በየቀኑ በተማሪዎችና በቤተሰብ መካከል ይውላሉ። እስቲ ከራስዎ ትምህርት ቤት ይጀምሩ። ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በየክፍሉ «ፕላዝማ» የምንለው ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ሲሰጥ፣ መምህሩ ጥቂት ደቂቃ አስተዋውቆና ጥቂት ደቂቃ ደምድሞ ለስክሪኑ ቦታ እንዲለቅ ተደርጎ ነበር። መብራት በጠፋ ቀን ክፍሉ ምን ይሆን ነበር? ተማሪው ስክሪኑ ሲፈጥንበት ማንን ይጠይቅ ነበር? ያን ጊዜ ያስተማሩና የተማሩ ሰዎች ዛሬ በአካባቢዎ አሉ፤ ትዝታቸውን መዝግቦ መተንተን ሙሉ የምርምር ሥራ ይወጣዋል። ፕላዝማ ለእኔ የትምህርት ብቻ ታሪክ ሆኖ አይታየኝም፤ ለብዙ የገጠር ወጣት በየቀኑ ፊት ለፊት ያገኘው የመጀመሪያው ስክሪን እርሱ ነበረና።

ሌላው የተተረጎመው ድራማ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ ክርክሩ ግን በአመዛኙ ተመልካቹን ሳይጠይቅ ነው የተካሄደው። እኔ በዚያ ሰሞን ደብረ ብርሃን ጎረቤታችን ቤት ከአንዲት አሮጊት ጋር ብዙ ምሽት ተቀምጫለሁ። እማማ የገጸ ባሕርያቱን ስም አንድም ቀን አስተካክለው አልጠሩም፤ «ያቺ ምራት»፣ «ያ የማያፍር ወንድም» ይሏቸው ነበር። ምራቲቱ አማቷን ስትመልስ እሳቸው ለስክሪኑ ሳይሆን ለእኔ «አየህ፣ ሽማግሌ ቢልኩ ኖሮ» ይሉኛል። የኢስታንቡሉን ቤት በእኛው አገር ሥርዓት ይዳኙት ነበር ማለት ነው። «ባህላችን ተወረረ» የሚለውና «ምንም አልሆነ» የሚለው ክርክር ሁለቱም ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አያስረዱም።

ጥያቄ (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ)፦ ታዲያ የእንግሊዞቹና የአሜሪካኖቹ ንድፈ ሐሳብ ለእኛ ምን ይረባናል? ለፈተና ብቻ የምናጠናው ይመስለኛል።

መልስ፦ ከእምነት ቃል ሳይሆን ከመሥሪያ ዕቃ ከቆጠርኸው ይረባል። የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ፦ የባህል ጥናት የተጀመረበት የበርሚንግሃም ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥርጭት የጀመረው በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። እነሱ ጥያቄውን ሲያበጁ እኛ ዕቃውን ገዛን፤ ጥያቄውን የተቀበልነው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በማዕከሉ የሠራው ጃማይካዊው ስቱዋርት ሆል ተመልካች መልእክትን በሦስት መንገድ ሊያነብ ይችላል ይላል፦ እንደተላከለት ይቀበላል፤ ወይም ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን በራሱ ኑሮ ያርማል፤ ወይም ጨርሶ ገልብጦ ይረዳዋል። ይህ ለእኛ ባዕድ ሊሆን አይገባም። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ፣ የደርግን ዜና ከተነገረው ይልቅ ካልተነገረው የሚረዳ ሰው ሦስተኛውን ንባብ ከመጽሐፍ አልተማረውም። ዴቪድ ሞርሊ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በለንደን 18 ቤተሰቦችን አነጋግሮ ሪሞቱ በአብዛኛው በአባት እጅ እንደሚገኝ፣ የሚስቶቹም አስተያየት በቤት ሥራ መካከል እየተቆራረጠ እንደሆነ አሳየ። ይኸንኑ ጥያቄ ወደ ደብረ ሲና ብትወስደው መልሱ ያው ላይሆን ይችላል፤ ሪሞቱን የያዘው የመጨረሻው ልጅ፣ አባትየውም ኳስ ለማየት ከፍሎ ዲኤስ ቲቪ ቤት የሄደ ሊሆን ይችላል። ንድፈ ሐሳቡ የሚያገለግልህ እንዲህ ልዩነቱን ስታይበት ነው።

ዌልሳዊው ሬይመንድ ዊሊያምስ «ፍሰት» ያለውን ሐሳብ ያገኘውም በሩቅ አገር እንግድነት ነው። አትላንቲክን በመርከብ ተሻግሮ ማያሚ እንደደረሰ ማታ ቴሌቪዥን ከፈተ፤ ፊልሙ፣ ማስታወቂያውና የሚቀጥሉት ፊልሞች ቅንጫቢ ተደባልቆበት የቱ ከየቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። ከዚህ በመነሣት ሰው የሚያየው ነጠላ ዝግጅትን ሳይሆን ሳይቋረጥ የሚፈስ ምሽትን ነው አለ። የምሽት 2 ሰዓት ዜናን ብቻ ቆርጠህ ስታጠና፣ ከፊቱ ምን ማስታወቂያ እንደነበረና ከኋላው ምን ድራማ እንደተከተለ ከተውህ፣ ተመልካቹ ያየውን ምሽት አላየኸውም።

ጥያቄ፦ የድሮ ፕሮግራሞችን ለጥናት ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ አንዳንዱን፤ በብዙ ደጅ ጥናት። የሦስተኛ ዲግሪ ሥራዬን ስጀምር የአንድ ጣቢያን ተከታታይ ዝግጅት ለመመርመር ደብዳቤ ይዤ ሰባት ወር ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ መዝገብ ቤቱ ሲከፈትልኝ የፈለግኋቸው ካሴቶች ሽፋናቸው ላይ የዝግጅቱ ስም እንደተጻፈ ነበሩ፤ ውስጣቸው ግን በሌላ ቀረጻ ተደርቦባቸዋል። ካሴት ውድ ስለነበረ እንደገና ይጠቀሙበት ነበር፤ በሌሎች አገሮችም፣ ቢቢሲን ጨምሮ፣ እንዲህ ተደርጓል። የጥናቴን ርእስ ለመለወጥ ተገደድሁ፤ አንድ ዓመትም ባከነብኝ።

የተማርሁት ነገር ቢኖር ካሴቱ ሲጠፋ ትዝታው እንዳልጠፋ ነው። አባባ ተስፋዬ ከቴሌቪዥኑ መጀመሪያ አንሥቶ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲያወሩ የቀረው ቅጂ ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ ሰላምታቸውን በቃሉ የሚያውቅ ጎልማሳ በየመንደሩ አለ። ማን ቤት ሆነው ያዩ ነበር? በመስኮት ወይስ ገብተው? እንዲገቡ የተፈቀደላቸውስ እግራቸውን ታጥበው ነበር? (የእኛ ሰፈር ሕግ ይህ ነበር።) እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠፋውን ዝግጅት አይመልስም፤ ማየት ራሱ ምን ዓይነት ማኅበራዊ ነገር እንደነበረ ግን ያሳያል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የተሠራ ድራማ አጥንቼ በእንግሊዝኛ መጻፍ አስቸግሮኛል።

መልስ፦ ሁላችንንም ያስቸግራል። የምመክርሽ ቃለ መጠይቁን በአማርኛ እንዳለ ገልብጠሽ እንድታስቀምጪ፣ ትንተናውንም በመጀመሪያ በአማርኛ ማስታወሻ እንድትሠሪ ነው። ቶሎ ከተረጎምሽው ሽሙጡ ይረግፋል፤ አንድ ሰው «ደግ ነው» ያለው በአሽሙር እንደሆነ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ፈልገሽ አታገኚውም። እንደ «ይሉኝታ» ያለውንም ቃል እንዳለ አስገብተሽ በአንድ አንቀጽ አብራሪው፤ ፈታኝ ቢቆጣሽ ግድ የለም።

ጥያቄ (አባት፣ ደነባ)፦ ልጄ ይህን ካልተማርሁ ብላ አስቸግራኛለች። እንጀራ ይሆናታል?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ሀብት አይሆናትም። የመምህር ደመወዝ ከኑሮው ጋር እንደማይሄድ እርስዎም ያውቁታል፤ ቦታውም እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይገኝም። በጣቢያዎች፣ በሕዝብ ግንኙነትና በምርምር ድርጅቶች ግን ይህን ትምህርት የተማረ ሰው ሥራ ሲያገኝ አይቻለሁ። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ፦ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲታይ እሷ የምታየው ስክሪኑን ነው ወይስ የሚያዩትን ሰዎች? ሁለተኛው ከሆነ ይፍቀዱላት።

ጥያቄ፦ ለምርምር ጥሩ ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። ማስታወሻ ደብተርና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይበቃሃል፤ ካሜራ ስታወጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ልብሱን ሊቀይር ይነሣል።

ጥያቄ፦ አሁን ምን እያጠኑ ነው?

መልስ፦ ቴሌቪዥን የነበረበት ግድግዳ ላይ ነኝ። በደብረ ብርሃን የማውቃቸው ብዙ ወጣቶች ድራማውንም ዜናውንም በስልካቸው ያያሉ፤ ሳሎን ያለው ስክሪን ግን አሁንም በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ በክብር ቦታው ተቀምጧል። ጨርቁ በየትኛው ሰዓት፣ ለየትኛው እንግዳና ለየትኛው ዝግጅት እንደሚገለጥ ከ12 ቤተሰቦች ጋር ሆኜ እየመዘገብሁ ነው። እስካሁን ደጋግሞ ያስገለጠው በዓልና ኳስ ነው፤ የተቀረውን የማውቀው ከገና በኋላ ነው።