ሰኞ ሰኞ የሚነሳው «ወባ»

ባህር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ብየዳ ቤት ያለው አንድ ወንድም ጽፎልኛል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ሦስት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ሰሞኑን ለሐይቅ ዳር መዝናኛ ከጋልቫናይዝድ ቱቦ የጥላ ማቆሚያ እየሠራን ነው። ልጆቹ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ያንቀጠቅጣቸዋል። ወባ ነው ብለን ሁለት ጊዜ አስመረመርን፣ የለም ተባለ። በማግስቱ ወይ በሳልስቱ ድነው ይመጣሉ። የሚብስባቸው ሰኞ ነው። ወተት አጠጣቸዋለሁ። ጓንት፣ መነጽርና ማስክ ገዝቼላቸው ነበር፣ አያደርጉትም። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ «ሰኞ» ያልካት ቃል ነገሩን አወጣችው።

ቱቦው ላይ ብር የሚመስለው ልባስ ዚንክ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ፈልቶ ይተናል። ብረቱ ለመቅለጥ 1,500 ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ጢስ ሆኖ ወጥቷል ማለት ነው። ልጆቹ ሲበይዱ ጠጋ ብለህ እይ። መጀመሪያ ነጭ ጢስ ቡልቅ ይላል። ቆይቶ ደግሞ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሳሳ ነገር ቱቦው ላይ፣ ክንዳቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ያርፋል። ቅንድብ ላይ ያረፈው ሳንባም ገብቷል።

ከጥቂት ሰዓት በኋላ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሻይ አይጥምም። ከዚያ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት። በ1 ወይም በ2 ቀን ይለቃል። ሰውነት በሳምንቱ መሀል ይላመደዋል፣ ቅዳሜና እሑድ ሲያርፍ ያንን ልምድ ይረሳል፣ ሰኞ እንደ አዲስ ይመታዋል። በውጭ አገር በያጆች ዘንድም «የሰኞ ትኩሳት» የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ በተቀጠርኩበት ቤት፣ ሳልመረመር የወባ መድኃኒት ስውጥ ከርሜያለሁ። አሠሪዬ «ትለምደዋለህ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ እስከ ቅዳሜ እለምደዋለሁ።

ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጢሱ ሳንባ ነው ያለው። አይገናኙም። ልጆቹ ወተት ከወደዱ አጠጣቸው፣ እንደ መከላከያ ግን አትቁጠረው።

አንድ ነገር አደራ። ያላችሁት ባህር ዳር ነው፣ ወባ በእውነትም አለ። «ጢሱ ነው» ብላችሁ ምርመራ እንዳትተዉ። ትኩሳት በመጣ ቁጥር ይመርመሩ፣ ለሐኪሙም ምን ሲበይዱ እንደዋሉ ይንገሩት። ሁለት ቀን አልፎ ካልለቀቀ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አንተ የጀመርከው ከመጨረሻው ነው። ጓንትና ማስክ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ለተረፈው አደጋ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ይህ ጢስ ጭራሽ እንዳይነሳ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የጥላ ማቆሚያ ከሆነ በደንብ ይቻላል። መገጣጠሚያውን በብሎንና በክላምፕ እሰረው። ወይም ደንበኛህን አነጋግርና ዚንክ ባልተለበሰ ጥቁር ቱቦ ሠርተህ ከብየዳ በኋላ ዚንክ ያለው ቀለም ቀባው። ጋልቫናይዝድ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ደንበኛ ካለ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፍ።

የሚቀጥለው ዚንኩን ከሚበየድበት ቦታ ማንሳት ነው። ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከዚንኩ ሥር ያለው ብረት እስኪታይ በግራይንደር ፋቀው። ብዙ ሰው የሚረሳው የቱቦውን ውስጥ ነው። ውስጡም ዚንክ አለበት፣ እሱም ይጤሳል። ጫፉን ከውስጥ በክብ ፋይል አጽዳው። የሚፍቀው ልጅ ማስክና መነጽር ያድርግ፣ ብናኙም አይሳብም።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁንብህ። ለልጆቹ የምትከፍለው በተበየደ ቁጥር ከሆነ፣ ማንም ቱቦ አይፍቅልህም። መፋቂያው ሰዓት ከኪሳቸው ነው የሚሄደው። ሰዓቱን ዋጋህ ውስጥ አስገባና ክፈላቸው። ከዚህ በኋላ ካልፋቁ ያኔ ተቆጣ።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ የሆነ ቤት ውስጥ ጢስ የት ይሄዳል? ወደ ደጅ ውጡ። ሐይቁ ዳር ቀን ቀን ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው ነው፣ ማታ ይገለበጣል። በያጁ ነፋሱን በጎኑ ያድርገው። ጀርባውን ከሰጠ ነፋሱ ደረቱ ጋ ይዞርና ጢሱን ፊቱ ላይ ይመልስበታል። ውስጥ መሥራት ግድ ከሆነ ቬንቲሌተሩ ጢሱን ከብየዳው ጎን ስቦ ወደ ውጭ ያውጣ እንጂ ፊት ላይ አይንፋ። አንገትን ከጢሱ መስመር ማራቅም አንድ ነገር ነው፣ ወጣቶች አጎንብሰው ከላዩ ላይ ይበይዳሉ።

ደጅ ስትወጡ መሬቱን እዩ። ማሽኑ ኤሌክትሮዱ ብረት ሳይነካ እስከ 80 ቮልት ገደማ ሊኖረው ይችላል፣ ላብ ባጠበው እጅና በረጠበ መሬት ይህ ይገድላል። ደረቅ ጣውላ ላይ ቁሙ፣ ኤሌክትሮድ በደረቅ ጓንት ቀይሩ፣ ሲዘንብ አቁሙ።

ማስኩ የመጨረሻው ነው። የኮሮና ጊዜ የነበረው ስስ ማስክ ወይም ፊት ላይ የተጠመጠመ ሻሽ ይህን ጢስ አይዝም። ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራው ኤን 95 የሚባለው ማስክ ወይም ከዚያ የተሻለ ይሁን፣ ፊት ላይ ይጣበቅ፣ ጢም ካለ አይገጥምም። አያደርጉም ያልከውን እኔ በስንፍና አልወስደውም። የሚያንሸራትት ጓንትና የተጫጫረ መነጽር እኔም አላደርግም። ልጆቹን ይዘህ ሂድና ራሳቸው ለክተው ይምረጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያውን እንድታቀርብና አጠቃቀሙን እንድታስተምር ያስገድድሃል፣ እነሱንም እንዲጠቀሙበት። ግን አዋጅ ተነቦለት ማስክ ያደረገ በያጅ አላየሁም። አሠሪው ሲያደርግ አይቶ ያደረገ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ስትጨርሱ የፋቃችሁትን ቦታ እንዳትረሱት። የብየዳውን ዝቃጭ በሽቦ ብሩሽ አንስታችሁ፣ በዚያው ቀን ዚንክ ባለው ቀለም በብሩሽ ሁለት እጅ ቀቡት። የሐይቅ ዳር እርጥበት ባዶ ብረት አይምርም፣ ደንበኛህ በዓመቱ ዝገት አስቆጥሮ ይመጣብሃል።