መልስ፦ የሄሊኮፕተር ካቢን ሲሙሌተር በረራን ይተካል ወይ?
መሬት ላይ የቆመ የካቢን ሲሙሌተር (የሄሊኮፕተርን የውስጥ ክፍል አስመስሎ የተሠራ የመለማመጃ ክፍል) ለወታደራዊ የሕክምና ቡድን እውነተኛውን በረራ ይተካ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አይተካም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ በቀጥታ ወደ በረራ መግባት ለቁስለኛው አደገኛ ነው። እንደ ብላክ ሆክ ባለ ሄሊኮፕተር ውስጥ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ የሳንባን ድምፅ በማዳመጫ መለየት እጅግ አዳጋች ነው፤ ስለዚህ ሠልጣኙ የደረትን እንቅስቃሴ በዓይኑና በእጁ መከታተልን፣ ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞኒተር ማንበብን፣ ይህንንም በደብዛዛ ብርሃን፣ በጠባብ ቦታና በንዝረት መካከል ማድረግን አስቀድሞ መልመድ አለበት። የመተንፈሻ ቱቦ ከቦታው ቢወጣ የሚወሰደውን እርምጃ ደጋግሞ መለማመድ የሚቻለው ስህተት ሕይወት በማያስከፍልበት በዚህ ክፍል ነው። ከፍታ ሲጨምር በደረት ውስጥ የታመቀ አየር መስፋፋቱን ግን ተራ ሲሙሌተር ስለማይፈጥረው፣ አሠልጣኙ ምልክቶቹን በሰው አምሳያው ላይ ሊያሳይ ይገባል።