የልደት ካላንደር በቡድን፦ ቀለም ሳትነኩ ወረቀቱን ብሱት

«12 ሆነን በእጅ የተሠራ የልደት ካላንደር ልንሠራ ነው፤ እያንዳንዳችን አንድ ወር ይዘን 12 ኮፒ እናዘጋጃለን፤ ምን እንጠንቀቅ?» ላልሽው እህቴ፣ ልክ እኛ ያደረግነውን ነው የጠየቅሽው። አስተባባሪዋ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ወቀሳውም ምስጋናውም እኔ ጋ ነው የደረሰው። ስለ ቀለምና ጌጥ አልነግርሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. መጠኑን በስሙ ብቻ አትናገሪ። እኔ «ኤ5 ነው» ብዬ ዝም አልኩ። አንዷ የሌተር ወረቀት (የአሜሪካኖቹን መጠን) ለሁለት ቆርጣ ሠራች። ኤ5 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌተር ግማሽ ደግሞ 140 በ216 ገደማ። ለብቻው ስታዪው ልዩነቱ አይታወቅሽም። ሲደራረብ ግን የሷ ወር በጎን ገባ ብሎ ከታች ብቅ ይላል።

2. የሰኞ ማክሰኞ ስም አይግባ። ከ1 ጀምሮ ቁጥርና የስም መጻፊያ መስመር ብቻ ይኑር፣ ያኔ ካላንደሩ ዓመት አያልፍበትም። ይሄን ተናግሬ ነበር፣ በደንብ ተናግሬያለሁ! አንዷ ግን በልማድ 12ቱንም ገጽ ላይ ዕለቱን ጽፋ መጣች። ሌላዋ ለጁን 31 ቀን ሰጠችው። የሠራነው በፈረንጆቹ ወራት ስለነበር ፌብሩዋሪ 29ንም ልንረሳት ለትንሽ ነው፤ በዚያች ቀን የተወለደ ሰው ቢኖርስ?

3. ከላይ ለጥራዝ ቦታ አስተርፉ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። «ከላይ ይጠረዛል» አልኳቸው እንጂ «2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ» አላልኩም። ይሄ ደግሞ ይነገራል ወይ ብዬ። 144ቱን ገጽ ተሸክሜ ጥራዝ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ክምሩን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ቁልፍ የተሰፋበት ገጽ አለ፣ ዶቃ አለ፣ ሪባን አለ። «ይሄ ካላንደር ነው ትራስ?» አለኝ። ሰው ፊት! እኔም እልህ ያዘኝና «አንተ ብቻ ብሳው» አልኩት። አንድ ገጽ ሞክሮ ያሳየኛል ስል ዝም ብሎ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ከወራቱ አንዱ ላይ ጓደኛችን በውሃ ቀለም የሳለቻት ሰማያዊ ወፍ ነበረች፣ ላባዋ አንድ በአንድ የተሠራ። ቀዳዳው ዓይኗ ላይ አረፈ። 12ቱም ወፎች ላይ። ስቆጣው «ምልክት አላደረግሽማ» አለኝ። አናዳጁ ነገር እውነቱን ነው።

አምስት ወሮች ከላይ ቦታ አልነበራቸውም፣ ማለትም 60 ገጽ። ለእያንዳንዱ ቀጭን ወረቀት ቆርጬ በጀርባ በኩል መቀጠል ጀመርኩ። በኮላ ስጀምር ወረቀቱ ተጨማደደ፣ ወደ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ዞርኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

ቁጥር መስጠቱን ተውኩት። በሁለተኛው ዙር ያደረግነውን ልንገርሽ፣ ያው እሱን ነው የምትፈልጊው። ወረቀቱን በሙሉ እኔ ገዛሁ፣ በካሬ ሜትር 250 ግራም የሚመዝነውን ወፍራሙን፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት። እኔው ቆረጥኩ። ከዚያ ማንም እርሳስ ሳያነሳ ባዶውን ወረቀት በእጅ ፐንች ሁለት ቦታ በሳሁት። ለእያንዳንዷ 13 ገጽ ሰጠኋት፣ 12 ለሥራ አንድ ለስህተት፣ 156 ሆነ። ቀዳዳው ፊትሽ ላይ እያለ ወፍ አትስይበትም። ከጥራዝ ቤትም ተገላገልኩ፤ በሚከፈት የብረት ቀለበት አያያዝነው፣ የተበላሸ ገጽ ሲኖር አውጥተሽ ትቀይሪያለሽ።

ቁጥሮቹን በእጅ እንጻፍ የሚሉ ይኖራሉ። ባለ 31 ቀን ወር የደረሳት 12 ጊዜ ስትጽፍ 372 ቁጥር ነው፣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ እጇ ይዝላል። እኛ አንዱን አሳምረን ጽፈን ኮፒ አደረግነውና ጌጡን በእጅ ሠራነው። «ታዲያ በእጅ የተሠራ ይባላል?» ብላ ያኮረፈች አለች። የኔ መልስ አዎ ነው።

ቀለበቱን በተመለከተ፣ ጌጡ ጠፍጣፋ ከሆነ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ይበቃል። ቁልፍ የሚሰፉ ካሉ ከገጹ ታች እንጂ ከቀዳዳው አጠገብ አይስፉ። ያቺ ዓይኗ የተበሳው ወፍ እኔ ግድግዳ ላይ አለች፣ ቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ መነጽር ሳልኩላት።