አረንጓዴ በርቶልኝ ገብቼ ለምን ተቀጣሁ?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የራስህ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር አረንጓዴ በርቶልህ ገባህ፤ ፊትህ ያለው መንገድ ተዘጋና መስቀለኛው መሃል ቀረህ፤ መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ትራፊኩ መጥቶ ቀጣህ። ሁለተኛው ለንደን ያለችው እህትህ ነገር ነው። ቢጫ መረብ የተሰመረበት መስቀለኛ ላይ ቆማ ካሜራ ያዛትና የቅጣት ደብዳቤ ቤቷ ድረስ መጣላት። እኔ እዚህ ከተማ ለብዙ ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ፤ አሁን አዳዲስ ሹፌሮችን አሠለጥናለሁ። ጥያቄዎችህ ሁለት ይምሰሉ እንጂ መልሳቸው አንድ ስለሆነ አብሬ ልመልስልህ።

እውነቱን ልንገርህና፣ ትራፊኩን አልፈርድበትም። አረንጓዴ መብራት "መውጫህ ክፍት ከሆነ እለፍ" ነው የሚልህ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 18 ላይ ይህ ነገር በግልጽ ተጽፏል። መብራቱ ቢፈቅድልህም፣ ከመጨናነቁ የተነሣ መሃል ላይ መቆምህ የማይቀር ከሆነና የተሻጋሪውን መንገድ የምትዘጋ ከሆነ፣ መስቀለኛው ውስጥ አትግባ ይላል። መብራቱ ማዶ ያለውን አያይም። ማዶውን ማየት ያለብህ አንተ ነህ።

መሃል ላይ የቀረ አንድ መኪና ምን እንደሚያደርግ እስቲ አስበው። በር ላይ ቆሞ እንደሚያወራ እንግዳ ነው፤ እሱም አይገባ፣ ሌላውም አይወጣ። ተሻጋሪዎቹ አረንጓዴ ሲበራላቸው መንገዳቸው ላይ አንተ አለህ። እነሱም ዝም ብለው አይጠብቁም፤ በፊትህና በኋላህ እየተሽሎከሎኩ ይገባሉ። አሁን ደግሞ እነሱ መሃል ይቀራሉ። ቀጥሎ የአንተ አቅጣጫ አረንጓዴ ሲሆን ማንም መንቀሳቀስ አይችልም። ከዚያ ወዲያ መብራቱ ቢቀያየርም ዋጋ የለውም፤ አንድ ሰው ወርዶ በእጁ ካላስተናበረ አይፈታም። በገበያ ቀን ወይም የሠርግ አጀብ ባለበት ቅዳሜ መሃል ከተማ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። መብራት የጠፋ ዕለትማ አይነሣ!

ሠልጣኞቼን ከማስተምራቸው ሁሉ አጥብቄ የምይዘው እይታን ነው። አዲስ ሹፌር ዓይኑ ከመብራቱና ከፊቱ ካለው መኪና ኋላ አይነቀልም። እሱ አይበቃም። ከዜብራው ማዶ መኪናህ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ቦታ አለ ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከዚህም አልፈህ ማየት አለብህ፤ ምክንያቱም እዚህ መውጫውን ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ባጃጅ ነው። ባጃጁ መስቀለኛውን እንደተሻገረ ወዲያው ጥግ ይዞ ሰው ይጭናል። ከኋላው ያለው ይቆማል፣ ቀጥሎ አንተ ትቆማለህ። ስለዚህ የመንገዱን ዳር እይ። አንድ ሰው እጁን አንሥቶ ቆሞ ከሆነ፣ ከፊትህ ያለው ባጃጅ ደግሞ ባዶ ከሆነ፣ ያ ቦታ ገና ሳትደርስ አልቋል ማለት ነው። ባጃጁ ፍሬቻ እስኪያሳይህ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። ይህን አንድ ምልክት ማንበብ የለመደ ሹፌር መሃል ላይ የሚቀርበት ጊዜ በጣም ያንሳል።

መውጫው ከሌለ ከማቆሚያው መስመር በፊት ቆመህ ትጠብቃለህ። ያኔ ከኋላ ጥሩምባው ይጀምራል። "አረንጓዴ እኮ ነው፣ ንዳው!" ይሉሃል። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ጥሩምባው አስጨንቆት ነው። አትሸነፍ። ፍሬኑን ደጋግመህ ነካ ነካ አድርግ፣ የኋላ መብራትህን ያዩልሃል። እጅህን በመስኮት አውጥተህ "ቆይ" በል። ቅጣቱ ሲመጣ ጥሩምባ የነፋው ሰው አይከፍልልህም። ለራስህ ብለህ የጠበቅከው ቦታ ላይ ባጃጅ ሽው ብሎ ሊገባም ይችላል። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን እልህ ተጋብተህ ተከትለኸው አትግባ፤ እሱ ጠባብ ቦታ ይበቃዋል፣ አንተን አይበቃህም።

ስለ ቢጫ መብራትም ልጨምርልህ። ቢጫ "ፍጠን" አይደለም። መቆም ነው፤ በሰላም መቆም የማትችል እስክትሆን ድረስ ቀርበህ ካልሆነ በስተቀር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። በ50 ከሆነ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። በ50 እየነዳህ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 25 ሜትር አካባቢ ያስፈልግሃል፤ ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ እጥፍ ቁጠር። ከጎንደር መስመር በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ስትገባ ይህን አስታውስ። ድልድዩ በግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ሰፊና ምቹ መንገድ አግኝተናል፣ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን እዚያ የያዝከውን ፍጥነት ይዘህ መሃል ከተማ መስቀለኛ ላይ አትድረስ። ሌላ ደግሞ፣ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ በእጁ የሚያስተናብር ከሆነ መብራቱን እርሳው። የእጁ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ እህትህ ልምጣ። ያ ቢጫ መረብ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ የዋለ ምልክት ነው። እስካሁን የነገርኩህን ደንብ አስፋልቱ ላይ በቀለም መጻፍ ነው በቃ። ሃይዌይ ኮድ የሚሉት የመንገድ ሕግ መጽሐፋቸው በቁጥር 174 ያስቀምጠዋል፦ መውጫህ ነጻ እስኪሆን መረቡ ውስጥ አትግባ። አንድ ዋና ልዩነት አለ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ፈልገህ ያገደህ ከፊት የሚመጣ መኪና ብቻ ከሆነ፣ ወይም እንደ አንተው ለመታጠፍ የሚጠብቅ ሌላ መኪና ከሆነ፣ ገብተህ መጠበቅ ትችላለህ። እነሱ በግራ ነው የሚነዱት፤ በቀኝ ለምንነዳው ለእኛ አቻው ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ይህን ሳትለይ "እኔ አገር እንዲህ ነበር" ብላ እንዳትከራከር።

ከመክፈሏ በፊት ደብዳቤው ላይ ያለውን ፎቶ፣ ካለም ቪዲዮውን ደጋግማ ትይ። ጥፋት የሚሆነው ገብታ፣ መረቡ ውስጥ ቆማ፣ ያቆማትም ፊቷ የቆመ መኪና ከሆነ ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ያቆማት እግረኛ ከሆነ፣ ወይም ለመታጠፍ ስትጠብቅ ከሆነ፣ ያንኑ ጽፋ ትቃወም። ሦስቱም ከተሟሉ ግን መከራከሩ ጊዜ ማባከን ነው፤ ለንደን ላይ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈለች ግማሹን ብቻ ነው የምትከፍለው። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ዛሬውኑ እንድታይ ንገራት።