«ካነሳሽኝስ ሙሉ ቁመት አንሺኝ»

የፎቶ ቤት ደብዳቤዎች፦ አንባቢ ይጠይቃል፣ የድሮው ፎቶ አንሺ ይመልሳል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግና የምረቃ ሥራ ሲቀዘቅዝ «ሁሉም መልክ» ብዬ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ማስታወቂያ ላይ የማይታይ ገላ ያላቸውን ሰዎች በክብር ማንሳት ነው። ወፍራም ሴት፣ አንድ እግር የሌለው ጎልማሳ፣ ዕንቅርት ያለባት ወይዘሮ፣ እርጅና ያጎበጣቸው እናት፣ ቆዳውና ጠጉሩ ነጭ ሆኖ የተወለደ ወጣት አንስቻለሁ። አንድ ቀን ከደብረ ኤልያስ በኩል ጌሾ ይዘው ገበያ የሚመጡ ሴት ለመታወቂያ ጉርድ ሊነሱ ገቡ። እግራቸው ዝሆኔ አለበት። ሥራዬን ሳስረዳቸው «ካነሳሽኝስ ሙሉ ቁመት አንሺኝ፤ እስከ ዛሬ ያለኝ ጉርድ ብቻ ነው» አሉኝ። አነሳኋቸው። ብዙ ሳይቆይ ወንድማቸው መጥቶ «ልጆቻችን ሊዳሩ ነው፣ ቤታችንን አታሰድቢ» ብሎ ተቆጣኝ። ፎቶዎቹን ለሦስት ቀን እንዳሳይበት አዳራሽ የፈቀደልኝ የሆቴል ባለቤት ደግሞ የታመሙትን ፎቶ ለብቻ ጥግ ላይ ስቀይ ይላል። የማንን ቃል ልስማ? ነጠላ የለበሰ ሰው ሳነሳም ፊቱ ይጠቁርብኛል።
ፎቶ አንሺዋ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ልጄ፣ ከወንድምየው ልጀምር፤ ያስፈራሽ እሱ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፈቃዱን የሚሰጠው የተነሳው ሰው ነው። ሴትዮዋ ዐዋቂ ናቸው፤ የወንድም ፊርማ አያሻቸውም።

ሕጉን ብትጠቅሺለት ግን ፍርሃቱ አይለቀውም። አገሩን ታውቂዋለሽ፤ ዝሆኔ ያለበት ቤት «ዘር አለበት» ይባልና ሽማግሌ ይቀርበታል። እንግዲህ ቡና አፍልተሽ አስቀምጪውና ነገሩን ከሥሩ ንገሪው። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው፣ የአፈሩ ደቂቅ ብናኝ በቆዳው እየገባ የእግሩን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳቸዋል፤ እግሩም ያብጣል። በደብረ ኤልያስም በደምበጫም ይህ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ከሌላው ይልቅ መጠቃቱ እውነት ነው፣ አትደብቂው። ያም ቢሆን አፈሩ ካልነካው በሽታው አይነሳም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በውሃና በሳሙና የሚታጠብ ልጅ ይጠበቃል። የታመመውም ቢሆን እየታጠበ፣ ቅባት እየተቀባ፣ እየጠቀለለና ጫማ እያደረገ እብጠቱን ይቀንሳል። እህቱን ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስዳት ከመቆጣቱ ይልቅ ለጋብቻውም ይበጀው ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቶ እምቢ ቢል ውሳኔው የእህቱ ነው። እሳቸው ራሳቸው «ተይው» ካሉሽ ግን ፎቶው እንዴት እንዳማረ እየነገርሽ አትለምኚ፤ አውርጂው። ፈቃድ ስትጠይቂም ለያይተሽ ጠይቂ። አዳራሽ ላይ ይሰቀል ማለት አንድ ነገር ነው፣ በቴሌግራም ይሂድ ማለት ሌላ። አዳራሹ በሦስተኛው ቀን ይዘጋል፤ ቴሌግራም የገባ ፎቶ መመለሻ የለውም። ማንበብ ለማይችል ወረቀቱን ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከሁሉ በፊት የታተመውን ፎቶ በእጃቸው ስጫቸው። ግድግዳ ላይ ከማየታቸው በፊት ቤታቸው ወስደው፣ ብቻቸውን ሆነው ይዩት።

እዚህ ላይ የማይጥምሽ ነገር እነግርሻለሁ። እኔ ስሠራ ዕንቅርት ያለባቸው ሴቶች ከደጋው እየመጡ ይነሱ ነበር፤ የደጋው አፈር አዮዲን ስለሚያንሰው ያኔ ብዙ ነበሩ። «አጥፋልኝ» ይሉኛል። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አዞርላቸዋለሁ፤ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን አለዝባለሁ፤ ፎቶው ትልቅ ሲሆን ፊልሙ ላይ በሹል እርሳስ እነካካለሁ። ዛሬ «እውነቱ ይታይ» የሚሉ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። እኔ አላፍርበትም፤ ፎቶው የተነሺዋ ነዋ። ሳትጠይቀኝ ግን ነክቼ አላውቅም። አንቺም ዕንቅርት ያለባትን ወይዘሮ ጠይቂልኝ፦ ይታይ ያለችው እሷ ናት ወይስ ለሥራሽ ስላመቸ አንቺ ነሽ? አንቺ ከሆንሽ ያቺ ሴት ምሳሌ ሆና ቆመች እንጂ ፎቶ አልተነሳችም።

የጌሾ ነጋዴዋ ነገር ከዚህ ይለያል። መታወቂያቸው ላይ ያለው ፊት ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስለ ዝሆኔ የሚለጠፈው ሥዕል ደግሞ ብዙ ጊዜ እግር ብቻ ነው፤ ፊቱን የሚቆርጡት ለማስተማር ነውና ደግ አደረጉ፣ የሰውየውን ማንነት ይጠብቃሉ። ሴትዮዋ ግን ፊታቸውና እግራቸው ባንድ ላይ የታየበት ፎቶ የላቸውም። ሠርግ ቤት «ተረከዘ ሎሚ» እየተባለ ሲዘፈን እግራቸውን ቀሚሳቸው ሥር እየሰበሰቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ሙሉ ቁመት ያሉሽ ይህን ሁሉ አስበው ነው፤ አንቺ ያላሰብሽውን አስበዋል። እንግዲህ እግሩን ለማጉላት አትቅረቢ፣ ለመሸሸግም አትራቂ። እንደ ሙሽራ አቁመሽ፣ ከራስ እስከ እግር አንሻቸው።

ለሆቴሉ ባለቤት የምትመልሺው ደግሞ አጭር ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ መልክእ የሚባለውን የቅዱሳን ውዳሴ የሚደርስ ሊቅ ከራስ ጠጉር ተነሥቶ እስከ እግር ጥፍር ለእያንዳንዱ አካል «ሰላም» እያለ ይወርዳል፤ ይህን ጥግ ላይ ላድርገው ብሎ የሚለየው አካል የለም። ፎቶዎቹ ባንድ መጠን ይታተሙ፣ ባንድ ዓይነት ክፈፍ ይግቡ፣ ተደበላልቀው ይሰቀሉ። ከሥራቸው የሚጻፈው ሰውየው የፈለገው ስምና ሥራው ይሁን፤ «ጌሾ ነጋዴ» በይ፣ የበሽታ ስም አታስጠጊ። ባለ ሆቴሉ እምቢ ካለ የትምህርት ቤት አዳራሽ ለምኚ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሽራን በቀለም፣ በሽተኛን በጥቁርና ነጭ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ አልወድም። የጎጃም ቀሚስ አረንጓዴ ጥልፍ እያለው ምን በወጣው ግራጫ ይሆናል?

ወደ ነጠላው። ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ አማካኝ ወስዶ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ፊት ይጠቁራል። ልኬቱን ከነጠላው ሳይሆን ከፊቱ ላይ ውሰጂ፤ በስልክ ከሆነ ፊቱን በጣትሽ ንኪና ብርሃኑን እያየሽ አስተካክዪ፣ የነጠላው ጥለት እስኪጠፋ ግን አታንጪው። የእኛ ቆዳ በፎቶ ሲበደል የቆየ ነው። ፊልም አምራቹ ኮዳክ የቀለም ህትመት የሚያስተካክልበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ቆዳው ነጭ የሆነውን ወጣት ደግሞ በፍላሽ አትምቺው፤ ዓይኑ ብርሃን አይችልም። ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፣ ወይም የሐምሌን ደመና ጠብቂለት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጓደኛዬ ሚዜ ልሆን ነው። ወፍራም ነኝ። ፎቶ አንሺ ሁሉ ከኋላ ያቆመኛል፤ ስልኬ ፊቴን ሲያቀጥነው ደስ ይለኛል፤ ነውር ነው?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ምን ነውር አለው፣ ስልኩ ያንቺ ነው። ብቻ ስልኩ ሳትጠይቂው ቆዳሽንም ያነጣዋልና ማሳመሪያውን አጥፍተሽ የተነሳሽው አንድ ፎቶ ይኑርሽ። የሠርጉን ፎቶ አንሺ ግን ከቀኑ በፊት አግኚውና ሦስት ነገር ንገሪው፦ ፊት ረድፍ ላይ እንደምትቆሚ፣ ካሜራውን ከዓይንሽ ዝቅ አድርጎ ሽቅብ እንዳያነሳሽ፣ ቡድኑን በሰፊው ሌንስ ሲያነሳ ጠርዝ ላይ እንዳያቆምሽ። ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው፣ ቀጭኑንም ቢሆን፣ ይለጥጠዋል። ቦታ ጠቦት ነው እንጂ እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ ቢያነሳ ይሻለዋል።