ስፌቱ ደርቋል፣ እኔ ግን ገና ነኝ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ የማህፀን በር ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደርጎ ቤት ከተገባ በኋላ ስላሉት ወራት። ስለ ምርመራው በዚህ አምድ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። ስለ ክትባቱም። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ስለተቀመጠችው ሴት ግን አልጻፍኩም፣ ሲከነክነኝም ቆይቷል። ዛሬ አምዱ የእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። የ44 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የማህፀን በር ካንሰር ተገኝቶብኝ አዲስ አበባ ሪፈር ተባልኩ። ማህፀኔ ከነማህፀን በሩ ወጣ፣ በዙሪያው ያሉት የሊምፍ እጢዎችም (ንፍፊቶች) ወጡ። አምስት ሳምንት ሆነኝ። ስፌቱ ደርቋል። ጎረቤቶቼ «ተነሥተሻል፣ ተመስገን» ይሉኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ፣ ግን ሰውነቴ የኔ አይመስለኝም። ሽንቴ መምጣቱ አይሰማኝም። ሆዴ ሲከብደኝ ነው ሄጄ የምቀመጠው፣ ያኔም ቶሎ አይወርድልኝም። የሆድ ድርቀቱ ደግሞ አሰቃየኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ ከደጅ ወደ ማድቤት አስገባሁ፤ ማታውኑ ጠብ ጠብ የሚል ደም አየሁና ሌሊቱን ሙሉ ስጸልይ አደርኩ። በማግስቱ ቆመ። ባለቤቴ ይደነግጣል ብዬ አልነገርኩትም። እንደ ድሮዬ የምሆነው መቼ ነው? እንጀራስ መቼ ልጋግር?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ከደሙ ልጀምር፣ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና።

ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ጥቂት ደም ወይም ቡናማ ፈሳሽ ማየት ያጋጥማል። ውስጥ ያለው ክር እየሟሟ ሲሄድ ነው። ያየሽው ጠብታ በማግስቱ ከቆመ የከፋ ነገር ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ቀጠሮሽ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ የውስጡን ስፌት አይቶ ደህና ነው ሊልሽ የሚችለው ሐኪምሽ ብቻ ነው። ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት የሚሞላ ከሆነ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ፈሳሹ ከሸተተ ወይም ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ግን ነገ አይባልም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አሁን ሰው የማያየውን ልንገርሽ። አንቺም ጎረቤቶችሽም የምታዩት የሆድሽን ቆዳ ነው። ቆዳ በሁለት ሳምንት ገደማ ይገጥማል። ከስሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ግን ጥንካሬው እስኪመለስ ወራት ይፈልጋል። ከዚያም ወደ ውስጥ ሌላ ስፌት አለ። ማህፀን ከነማህፀን በሩ ሲወጣ የብልት የላይኛው ክፍልም ትንሽ አብሮ ይቆረጥና ጫፉ ይሰፋል። ያ ስፌት በደንብ እስኪይዝ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ስታነሺው ሸክሙ በሙሉ ወደ ታች፣ በዚያ ስፌት ላይ ይወርዳል። ለአንቺ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሚፈቀደው ከ5 ኪሎ በታች ነው። ሱቅ ያለውን ባለ 5 ሊትር ዘይት አስቢው፤ ከእሱ የከበደውን ሌላ ሰው ያንሳው።

ወደ ሽንቱ ልምጣ። በማህፀን ዋርድ በሠራሁባቸው ዓመታት ሴቶች በጆሮዬ ብቻ የሚነግሩኝ ነገር ይህ ነበር። ያፍሩበታል። አንዳንዷ ኩላሊቴ ተበላሸ ብላ ትሰጋለች፣ አንዳንዷ ካንሰሩ ወደ ፊኛዬ ሄደ ብላ ተስፋ ቆርጣ ትቀመጣለች። ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ፊኛና ወደ አንጀት የሚሄዱት ቀጫጭን ነርቮች የሚያልፉት ልክ ከማህፀን በር ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ውስጥ ነው። ካንሰሩ እንዳይቀር ሐኪሙ ያንን ሥጋ ሰፋ አድርጎ ያወጣዋል፣ ያኔ ነርቮቹ ይጎዳሉ፣ አንዳንዶቹም ይቆረጣሉ። ፊኛሽ ይሞላል፣ «ሞላሁ» የሚለው መልእክት ግን አይደርስሽም። ለብዙዎች በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየተመለሰ ይመጣል። ለጥቂቶች ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ እነሱም መላ አላቸው።

እስከዚያው ስሜቱን አትጠብቂ፣ ሰዓትሽን ጠብቂ። ቀን ቀን በየሦስት ሰዓቱ፣ መጣም አልመጣም፣ ሂጂና ተቀመጪ። ከመተኛትሽ በፊትም። ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ፖፖ አጠገብሽ አድርጊ። ስትቀመጪ እግርሽ መሬት ይርገጥ፣ ወደፊት ጎንበስ በዪ፣ ሆድሽን ልቀቂው። ትንፋሽሽን ይዘሽ አታምጪ። ጨረስኩ ስትዪ ተነሺ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሂጂ፣ ተመልሰሽ ደግመሽ ተቀመጪ፤ የቀረው ያኔ ይወርዳል። በቁጢጥ የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ለዚህ ጊዜ ከባድ ነው። ብዙ ቤተሰብ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቀዶ ከቀዳዳው በላይ ያስቀምጣል። ርካሽ ነው፣ ጉልበትሽንም ሆድሽንም ያሳርፍልሻል።

ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብለሽ ውሃ አትቀንሺ። ፊኛ ውስጥ የተኛ ሽንት ይመረዛል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ጠጪ። ሲሸና ካቃጠለሽ፣ ሽንቱ ከደፈረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ ታከሚ። ውሃ እየጠጣሽ ስድስት ሰዓት ምንም ካልወረደልሽ ጤና ጣቢያም ቢሆን ሂጂ፣ በቱቦ ያወጡልሻል። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ደግሞ «ከሸናሁ በኋላ ፊኛዬ ውስጥ የሚቀር ሽንት እንዳለ እዩልኝ» በያቸው። በአልትራሳውንድ ይታያል። ሳትጠይቂ ሊታለፍ ይችላል፣ ስለዚህ ጠይቂ። ብዙ ሽንት እየቀረ ከሆነ ራስሽ ቱቦ አስገብተሽ ማውጣት ያስተምሩሻል። ስትሰሚው ያስፈራል፣ ግን ብዙ ሴቶች ለምደውታል።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ እወቂ። ሳትፈልጊው ቀን ከሌሊት ከብልትሽ ውሃ የመሰለ ነገር የሚንጠባጠብ ከሆነ ፊስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መሐል የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ፊስቱላን የምናውቀው ከረጅም ምጥ ጋር ነው፣ በአዲስ አበባ የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልም ከ1974 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ ይህንኑ ሲያክም ኖሯል። ከኦፕራሲዮን በኋላም ያጋጥማል፣ ይታከማልም። ሞዴስ እየቀያየሩ ደብቆ መቀመጥ አይገባም።

የሆድ ድርቀቱም ከእነዚያው ነርቮች ነው የሚመጣው። እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ እየወሰድሽ ከሆነ ደግሞ እሱም ያባብሰዋል። ተልባ ጠጪ፣ ፓፓያ ብዪ፣ ጎመን ብዪ፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ። ሽሮና ባቄላው ከነፋሽ ለጊዜው ቀነስ አድርጊው። ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ማለስለሻ ይታዘዝልሽ፣ እያማጥሽ ስፌቱን አታስጨንቂው። ጾም ከሆነም ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የታመመ ይበላል፣ አንቺም አሁን እንቁላልና ሥጋ የሚያስፈልግሽ ሰው ነሽ።

እንጀራውን በተመለከተ እንደ ምጣድሽ ነው። የኤሌክትሪክ ሆኖ ቆመሽ የምትጋግሪበት ከፍታ ላይ ከሆነና ሊጡን ሌላ ሰው ካነሳልሽ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሐኪምሽ አይቶሽ ጥቂት በጥቂት ጀምሪ። በእንጨት መሬት ላይ ጎንበስ ብለሽ ከሆነ ግን ሦስት ወር ይሙላሽ። ጭሱ ያስላል፣ ሳሉ ሆድ ይጎትታል። ሳል ሲመጣብሽ ትራስ ሆድሽ ላይ ጫን አድርገሽ ያዢ። ድካሙ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ አትደንግጪ፣ ስንፍና አይደለም። በስፌቱ ዙሪያ ወይም ጭንሽ ላይ የሚደነዝዝሽም ከተጎዱት ትንንሽ ነርቮች ነው፣ እየቀነሰ ይሄዳል።

የወጣው ሥጋ የፓቶሎጂ (የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ደርሶሽ ይሆን? ደብዳቤሽ ውስጥ የለም፣ እሱ አሳስቦኛል። እጢዎቹ ውስጥ ካንሰር ከተገኘ ወይም የወጣው ሥጋ ጠርዝ ከካንሰር ንጹህ ካልሆነ ጨረር ይጨመራል፣ እሱም በጊዜው መጀመር አለበት። ደህና ነኝ ብለሽ ያንን ወረቀት ሳትቀበዪ እንዳትቀሪ፣ እባክሽ። ከዚያም በኋላ ለሁለት ዓመት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ቀጥሎ እስከ አምስት ዓመት በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መታየት አለ።

ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪው። ቢደነግጥ ይደንግጥ። ጀሪካኑን የሚያነሳ ሰው ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምጽፍልሽ ከቤሩት ነው፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ጎንደር ነች። ይሄው ኦፕራሲዮን ከተደረገላት ስምንት ወር ሆኗታል። አሁን ቀኝ እግሯ አብጧል፣ ማታ ማታ ጫማ አይገባላትም። ጎረቤት «ዝሆኔ ነው፣ ዋገምት ይደረግላት» ብሏታል። እብጠት የሚይዝ ጠባብ ካልሲ ይረዳል ሲሉ ሰምቼ ከዚህ ልልክላት አስቤያለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ዛሬ ማታ ደውዪላትና ዋገምቱን አስቁሚ። ያ እግር ምላጭ አይነካውም፣ አይበጣም፣ አይታሽም። 

ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰው ፈሳሽ የሚያልፈው በዳሌ ውስጥ ባሉት እጢዎች ነው። የእናትሽ እጢዎች ወጥተዋል። ቦይ ሲደፈን ውሃው ማሳው ላይ እንደሚተኛ ሁሉ ፈሳሹ እግሯ ላይ ይተኛል። ከኦፕራሲዮኑ ሳምንታት በኋላም፣ ዓመታት በኋላም ሊጀምር ይችላል። የተኛው ፈሳሽ ደግሞ ቶሎ ይመረዛል፣ ስለዚህ አንዲት ጭረት ትልቅ ነገር ናት። በባዶ እግር አትሂድ። ማታ እግሯን ትጠብ፣ በጣቶቿ መሐል ታድርቅ፣ ቅባት ትቀባ። ስትቀመጥ እግሯን ከፍ ታድርግ። እግሩ ቀልቶ ከሞቀና ካተኮሳት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ካልሲውን ግን አሁን አትግዢ። መጀመሪያ ሐኪም ይያት፣ አልትራሳውንድ ይደረግላት። እግር የሚያብጠው ደም ስር ውስጥ ደም ሲረጋም ነው፣ አልፎ አልፎም በሽታው ሲመለስ። እብጠቱ በድንገት ከመጣና ባቷን ካመማት፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠራት፣ ቀጠሮ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህ ከሌሉ ካልሲው ይጠቅማታል። በልኳ ሊሆን ይገባል፤ ቁርጭምጭሚቷ፣ ባቷና ጭኗ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ በሜትር ይለካና ቁጥሩ ይላክልሽ። በግምት የተገዛ ካልሲ ጉልበት ስር ይጠቀለልና እንደ ገመድ ያስራታል። እስከዚያ ገንዘቡን ለአልትራሳውንዱና ለትራንስፖርቷ ላኪው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ሲስተር። ባለቤቴ 39 ዓመቷ ነው። ማህፀኗም እንቁላል ማምረቻዋም ወጥቷል፣ ሁለት ወር ሆነ። ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍታ ትነሣለች፣ ላብ ያጠምቃታል። ስለ ግንኙነት ለመጠየቅ አፍሬ ነው የቆየሁት። ልጎዳት እችላለሁ? እኔስ ይይዘኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ካንሰር በግንኙነት አይተላለፍም። አይይዝዎትም። በሽታውን የሚያስነሣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚያገኘው ነው። ማን አመጣው ብሎ መፈላለግ አያስፈልግም።

ላቡ ማረጥ ነው። እንቁላል ማምረቻዋ ሲወጣ ሌላዋ ሴት በዓመታት ቀስ እያለች የምታልፍበትን እሷ በአንድ ሌሊት ገባችበት። መድኃኒት አለው። በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ዓይነት በሆርሞን የሚያድግ ስላልሆነ ሐኪሙ ምትክ ሆርሞን ሊያዝላት ይችላል፤ በ39 ዓመቷ ለአጥንቷም ያስፈልጋታል። ይጠይቁላት።

ግንኙነት ሐኪሙ የውስጡን ስፌት አይቶ ይቻላል እስኪል አይሞከርም። ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ብልቷ ትንሽ ማጠሩንና መድረቁን ይጠብቁ። ፋርማሲ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል አለ፤ ቫዝሊንና ቅቤ አይሆንም። ጥልቀቱንና ፍጥነቱን እሷ የምትወስንበት አኳኋን ይምረጡ፣ ካመማት ያቁሙ። መጀመሪያ ላይ ጠብታ ደም ቢታይ ለሐኪሟ ይነገር። ፍላጎቷም ወዲያው ላይመለስ ይችላል፣ እርስዎን ጠልታ አይደለም። እስከዚያ አልጋ አይለዩባት።